ስለ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች የታሪክ መጻሕፍት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ስለ ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንች፣ ሸኮ፣ ዲዚ፣ ሱሪ፣ ምኢኒት፣ ዳውሮና ኮንታ ሕዝቦች የተጻፈውን ፈልገው ለሚያነቡ ሁሉ ነው፤ ለተማሪም፣ ለመምህርም፣ የአባቶቹን አገር ታሪክ ከባሕር ማዶ ሆኖ ለሚከታተልም። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የተመሠረተው ገና በ2014 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ስለ እሱ የተጻፈ የታሪክ መጽሐፍ ከየት ይመጣል?

በክልሉ ስም ከፈለጉ የሚያገኙት ጥቂት ነው። ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ክልሉም በይፋ የቆመው በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው ሁሉ በሌሎች የአስተዳደር ስሞች ሥር ተመዝግቦ ተቀምጧል፤ ፈላጊን የሚያሳስተውም ይኸው ነው።

በንጉሡ ዘመን የካፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጅማ ነበር። ስለዚህ በ1950ዎቹ ወይም በ1960ዎቹ ዓ.ም. «ካፋ» ተብሎ የወጣ ሪፖርት ሲያገኙ አይቸኩሉ፤ ውስጡ በአብዛኛው ስለ ጅማና ስለ ሊሙ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ማውጫውንና ካርታውን ይመልከቱ፤ ቦንጋ የሚለው ስም ስንት ጊዜ እንደመጣ ከቆጠሩ ወዲያው ይታወቃል። ሸካ በዚያ ዘመን «ሞቻ አውራጃ» ተብሎ በኢሉባቦር ሥር ነበር። ዳውሮና ኮንታ «ኩሎ ኮንታ» ተብለው በካፋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበሩ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሁሉም ወደ ደቡብ ክልል ገቡ፤ ዳውሮ ግን ለተወሰኑ ዓመታት የሰሜን ኦሞ ዞን አካል ስለነበረ የዚያ ጊዜ ሰነዶቹ ከወላይታና ከጋሞ ጋር አብረው ይገኛሉ።

የቤተ መጻሕፍት መፈለጊያ ላይ ስጽፍ ለምን ምንም አይመጣልኝም?

አሁንም ስሙ ነው። የድሮ ጸሐፊዎች የያዙት ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበትን ሳይሆን ጎረቤት ወይም ገዥ ያወጣለትን ስም ነው። ሸካ «ሞቻ»፣ ቤንች «ጊሚራ»፣ ዳውሮ «ኩሎ»፣ ዲዚ «ማጂ»፣ ምኢኒት «ቲሻና»፣ ሱሪ «ሱርማ» እየተባሉ ይገኛሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሕዝቡን የሚያስከፉ ስላሉ መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ይቅሩ፤ የመጽሐፍ ርእስ ለመጥቀስ ካልሆነ በቀር በራስዎ ጽሑፍ ውስጥ አይድገሟቸው።

የላቲኑ ፊደልም ችግር አለበት። «ካፋ» በጣሊያንኛ በ‹ሲ›፣ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ በ‹ኬ› ይጀምራል። ‹ኤፍ› አንድ ጊዜ ነጠላ፣ አንድ ጊዜ ድርብ ይሆናል። የዛሬው አጻጻፍ ደግሞ «ከፋ» ስለሚል አናባቢው ይለወጣል። እነዚህን ሲያቀናብሩ 6 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣል፤ ስድስቱንም ይሞክሩ። ሌላው የሚረሳ ነገር የቋንቋ ቤተሰቡ ስም ነው። «ኦሞቲክ» የሚለው መጠሪያ ሥራ ላይ የዋለው ከ1969 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የካፋ፣ የዳውሮና የቤንች ቋንቋዎች «ምዕራብ ኩሻዊ» ይባሉ ስለነበር የቆዩ ሥራዎችን የሚያገኟቸው በዚያ ስም ነው። «ጎንጋ» የሚለውም ይጠቅማል፤ ካፋንና ሸካን ከሺናሻና ከአንፊሎ ጋር አንድ ላይ የሚያጠቃልል መጠሪያ ነው።

ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?

ምንም ያላነበበ ሰው በትልቅ መጽሐፍ አይጀምር። «ኢንሳይክሎፔድያ ኤቲዮፒካ» ከ2003 እስከ 2014 በ5 ጥራዞች የወጣ መዝገበ ዕውቀት ነው። በውስጡ ስለየሕዝቡ የተጻፉት መግቢያዎች አጫጭር ናቸው፤ በየመግቢያው መጨረሻ ያለው የመጻሕፍት ዝርዝር ደግሞ የወራት ልፋት ያስቀርልዎታል። እሱን ፎቶ ያንሱና መነሻ ዝርዝር ያድርጉት።

ቀጥሎ በአማርኛ ለሚያነብ የበቀለ ወልደማርያም የካፋ መንግሥት ታሪክ አለ። መጀመሪያ በአማርኛ ተጽፎ በ2010 በእንግሊዝኛም ታትሟል። ሕዝቡ ራሱ የሚተርከውን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ያቀርባል፤ የነገሥታቱን፣ የሹማምንቱንና የጎሳዎቹን ስም በትክክለኛው የአማርኛ አጻጻፍ ለመያዝም ይረዳል። ይህን ሳያነቡ ወደ ጀርመንኛውና ጣሊያንኛው የሚሄዱ ሰዎች ስሞችን እያጣመሙ ይጽፋሉ።

ሦስተኛው የቨርነር ላንገ «የደቡብ ጎንጋ ታሪክ» ነው፤ በ1982 በእንግሊዝኛ ታተመ። ጠንከር ያለ ንባብ ነው፤ የካፋን የቃል ታሪክ ከጎረቤት ሕዝቦች ትረካ ጋር እያስተያየ ስለሚሄድ ግን ድካሙን ይክሳል። ከዚያ በዶናልድ ዶንሃምና በዌንዲ ጄምስ አዘጋጅነት በ1986 የወጣውን፣ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ደቡባዊ ጠረፎች የሚያወሳውን መድበል ያንብቡ። በውስጡ ስለ ማጂ ጠረፍ የዝሆን ጥርስ፣ የባሪያና የጦር መሣሪያ ንግድ የተጻፈውን ምዕራፍ አይዝለሉት። የአካባቢው ሕዝብ ቁጥር ለምን እንዲያ እንደተመናመነ ሳይረዱ የ20ኛውን ክፍለ ዘመን ታሪክ መከታተል አይቻልም።

ሁሉም ሰው የሚጠቅሰው ቢበር ማን ነው? ሊታመንስ ይችላል?

ፍሪድሪክ ቢበር የቪየና ሰው ነው። «ካፋ» የተሰኘው ባለ 2 ጥራዝ መጽሐፉ በ1920 እና በ1923 በጀርመንኛ ወጣ። ካፋን ያየው በ1905 ነው፤ ማለትም መንግሥቱ ከወደቀ 8 ዓመት በኋላ። ይህቺ ቁጥር የመጽሐፉን ዋጋም ጉድለትም ትናገራለች። በቤተ መንግሥቱ ያገለገሉ፣ የንጉሡን ሥርዓት በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በሕይወት ስለነበሩ ሌላ ማንም ያላገኘውን መዘገበ፤ ስለ ሹመት፣ ሕግ፣ ቤት አሠራር፣ የእርሻ መሣሪያ፣ ልብስ፣ ለቅሶና ጸሎት። በሌላ በኩል እሱ የሰማው ሥርዓት ፈርሶ ያለቀ ስለነበር «እንዲህ ይደረጋል» ብሎ የሚጽፈው አብዛኛው «እንዲህ ይደረግ ነበር» ተብሎ መነበብ አለበት።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ከርእሱ ይጀምራል። ርእሱ ካፋን «ጥንታዊ ኩሻዊ ሕዝብ» ይላል፤ ቢበርም የሩቅ ዘመን ቅሪት እንዳገኘ ሆኖ ነው የሚያየው። ያየውን የሚገልጽባቸው ገጾች ወርቅ ናቸው፤ ከየት እንደመጣ የሚተነትንባቸው ግን የዘመኑ አስተሳሰብ ናቸው። ሁለቱን እየለዩ ያንብቡ። ማስታወሻ ሲይዙ ገጹን ለሁለት ከፍለው በግራ «ያየው ወይም የሰማው»፣ በቀኝ «የገመተው» ብለው ቢጽፉ ከ20 ገጽ በኋላ ልዩነቱ ራሱን ያሳያል። ቢበር ሰብስቦ የወሰዳቸው የካፋ ቅርሶች ዛሬም ቪየና በሚገኘው የዓለም ሙዚየም አሉ። ኦስትሪያ ያላችሁ ወገኖች መጽሐፉን ይዛችሁ ብትሄዱ ሥዕሉንና ዕቃውን ማመሳከር ትችላላችሁ።

ከቢበር በፊት ካፋን ያየ የውጭ ጸሐፊ የለም?

አለ። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንትዋን ዳባዲ በ1843 ደርሶ ነበር። አባ ማስያስ እየተባሉ የሚታወቁት ካፑቺኑ ሚስዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያ ከ1859 እስከ 1861 በካፋ ተቀምጠው ተባረዋል፤ 12 ጥራዝ ያለው ትዝታቸው ከ1885 ጀምሮ ታትሟል። ሚስዮናዊ ናቸውና ስለ አገሩ እምነት የጻፉትን በዚያው ዓይን ያንብቡት።

የጣሊያናዊው ተጓዥ የአንቶንዮ ቼኪ 3 ጥራዞች ደግሞ ርእሳቸው ራሱ ሐቁን ይናገራል፦ «ከዘይላ እስከ ካፋ ድንበር»። እስከ ድንበሩ ነው። በካፋ ጎረቤት በጌራ ተይዞ ስለነበር ካፋ ውስጥ አልገባም፤ ስለ ካፋ የጻፈውን የሰማው ከነጋዴዎችና ከጎረቤቶች ነው። ይህን ሳያስተውሉ ቼኪን እንደ ዓይን ምስክር የሚጠቅሱ የመመረቂያ ጽሑፎች አሉ። ፈታኝ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ሙሉ ምዕራፍ ይናድባቸዋል።

ካፋ ስለወደቀበት የ1897 ዘመቻና ስለ መጨረሻው የካፋ ንጉሥ ስለ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ የሁለቱንም ወገን ትረካ የት አገኛለሁ?

በቤተ መንግሥቱ በኩል የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዳግማዊ ምኒልክ ዜና መዋዕል አለ። ዘመቻውን በንጉሠ ነገሥቱ ዓይን ይተርካል፤ አማርኛው ውብ ነው፣ የጦር አዛዦችንም በስም ይጠራል። የተሸነፈው ወገን ድምፅ ግን እዚያ የለም።

አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተባለ ሩሲያዊ መኮንን ደግሞ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ወደ ሩዶልፍ (የዛሬው ቱርካና) ሐይቅ ሲዘምት፣ ከውድቀቱ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በካፋ አልፏል። መጽሐፉ በ1900 በሩሲያኛ ወጣ፤ በ2000 በሪቻርድ ሴልትዘር ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል። የድል አድራጊው ጦር ባልደረባ ሆኖ ሳለ የአገሩን መጥፋት አልደበቀም። ለዚህም ነው ምስክርነቱ የሚከብደው።

የተሸነፈው ወገን ትረካ ያለው በበቀለ ወልደማርያም፣ በላንገና በቢበር ውስጥ ነው። ላንገ በ1979 ያሳተመው የካፋ ትረካዊ ዘፈኖች ስብስብም አለ፤ የአገዛዝንና የእምቢታን ታሪክ በግጥም ይዟል። አንዱን ክስተት በ4 መጻሕፍት ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ 4 መጻሕፍትን በየተራ ከመጨረስ የበለጠ ያስተምራል። ለመለማመድ የጋኪ ሸሮቾን መያዝ ይምረጡ።

አንዱ መጽሐፍ ካፋ የወደቀው በ1889 ዓ.ም. ነው ሲል ሌላው 1890 ይላል። የትኛው ነው ልክ?

ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ዘመቻው የተካሄደው በ1889 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ የተያዙት ግን ሴፕቴምበር 1897 ላይ፣ ልክ በአዲስ ዓመት መዞሪያ ነው። ዘመቻውን የሚቆጥር 1889፣ መያዛቸውን የሚቆጥር 1890 ይላል።

በሌሎች ቀኖች ላይ ደንቡ ቀላል ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ያለውን 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን ያለውን 8 ይደምሩ። ወሩ ካልተጻፈ ዓመቱን አይለውጡ፤ እንዳለ ጽፈው «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ብቻ ያስከትሉ። በዚህ አካባቢ ታሪክ ከሚገኙት የዓመት ስሕተቶች ብዙዎቹ የሚመጡት አንዱ ጸሐፊ የለወጠውን ሌላው እንደገና ሲለውጠው ነው፤ 7 ወይም 8 ዓመት ከዘለለ ይህን ይጠርጥሩ።

የካፋ መንግሥት የተመሠረተበት ተደርጎ የሚጠቀሰው 1390 ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የነገሥታቱ ዝርዝር በቃል የተላለፈ ነው፤ ከሌላ ጽሑፍ ጋር ሊመሳከሩ የሚችሉት የመጨረሻዎቹ ነገሥታት ብቻ ናቸው። «በትውፊት 1390 ገደማ» ብሎ መጻፍ ታሪኩን አያሳንሰውም።

ከካፋ ውጭ ስላሉት ሕዝቦችስ?

ሚዛኑ ወደ ካፋ ያጋደለ መሆኑ እውነት ነው፤ መንግሥት የነበረው ሕዝብ የጸሐፊን ዓይን ይስባል። ቢሆንም ባዶ አይደለም።

ስለ ዲዚ ኤይከ ሃበርላንድ በጀርመንኛ የጻፈው በ1993 ታትሟል። ስለ ሱሪ ዮን አቢንክ ከሁለት ተባባሪዎች ጋር በ2013 ያሳተመው የቃል ሥነ ጽሑፍ መድበል አለ፤ ተረቱ፣ ዘፈኑና ንግግሩ በሱሪኛው ስለቀረበ ቋንቋውን ለሚያውቅ አንባቢ በእጅጉ ይጠቅማል። አቢንክ ስለ ምኢኒትና ስለ ዲዚም ብዙ መጣጥፎች አሉት፤ የሚገኙት ግን በመጽሔት ስለሆነ በመጽሐፍ ርእስ አይፈልጓቸው። ስለ ሸኮ የአኔከ ሄለንታል የ2010 የሰዋስው ጥናት አለ። «ሰዋስው ነው» ብለው አይለፉት፤ መጨረሻው ላይ ያሉት ጽሑፎች ሕዝቡ ራሱ የተናገራቸው ናቸው። ስለ ዳውሮ ዳታ ባራታ በ2019 ስለ እኩልነትና ስለ ማንነት ጥያቄ ያሳተመውን ያንብቡ። ስለ ሸካ ደን በማስረሻ ፈጠነ አዘጋጅነት በ2007 የወጣ መድበል አለ፤ ደኑንና ሕዝቡን ለያይቶ ስለማያይ ለታሪክ አንባቢም ይሆናል።

በለንደን በ1955 የወጣው የሃንቲንግፎርድ ጥራዝና በ1956 የወጣው የኤርኔስታ ቼሩሊ ጥራዝ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳሉ። ሁለቱም በዋናነት ከሌሎች መጻሕፍት የተለቀሙ ናቸው፤ ለመነሻ ጥሩ ናቸው፣ ለማስረጃ ግን የግርጌ ማስታወሻቸውን ተከትለው ዋናውን ምንጭ ያግኙ።

«ኢ. ቼሩሊ» የሚለው ስም ሁሉ አንድ ሰው ነው?

አይደለም። ኤርኔስታ ቼሩሊ ከላይ የተጠቀሰችው ናት። ኤንሪኮ ቼሩሊ ሌላ ሰው ነው፤ በ1951 የካፋን ቋንቋ ያጠና፣ በወረራውም ዘመን በኢትዮጵያ የጣሊያን ከፍተኛ ሹም የነበረ። በመጀመሪያ ፊደል ብቻ አይጥቀሷቸው።

ስለ ማንጆ (በካፋ ስለተገለሉት የአዳኞች ወገን) እና ስለ እደ ጥበብ ባለሙያዎች የተጻፈ አለ?

አለ፤ መነበብም ያለበት ነው። የነገሥታት ታሪክ ብቻ ያነበበ ሰው የአገሩን ግማሽ ነው ያወቀው። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት ያዘጋጁት መድበል በ2001 አዲስ አበባ ውስጥ ታትሞ ኋላ በሌላ ርእስ ባሕር ማዶ ወጥቷል፤ ሁለቱን እንደ ሁለት መጽሐፍ ቆጥረው ገንዘብ እንዳያወጡ። በካፋ፣ በሸካና በዳውሮ ስለተገለሉ አዳኞች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ፋቂዎች በየምዕራፉ ይናገራል። የኪርሲ ሌይኮላ የ2014 ጥናት ደግሞ ማንጆዎች ራሳቸው በንግግራቸው መገለልን እንዴት እንደሚቋቋሙ ያሳያል፤ ከሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ በነጻ ይወርዳል።

«ቡና ስሙን ያገኘው ከካፋ ነው» የሚለውን መጽሐፍ ላይ አነበብኩ። ልጠቀምበት?

ሁለት ነገሮችን ይለዩ። የአረቢካ ቡና መገኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ ደን መሆኑ በሳይንስ የጸና ነው፤ ያለ ፍርሃት ይጻፉት። የስሙ ጉዳይ ግን እንደዚያ አይደለም። የአውሮፓ ቋንቋዎች ቃላት የመጡት «ቀህዋ» ከሚለው ዐረብኛ ነው፤ ካፋዎች ራሳቸው የሚሉት «ቡኖ» ነው። የቃልዲንና የፍየሎቹን ታሪክም በካፋ ታሪክነት አይጠቀሙበት፤ በ1671 ሮም ላይ በላቲን የታተመው የመጀመሪያው ቅጂ ታሪኩን የሚያደርገው በየመን ነው፣ ቃልዲ የሚል ስምም የለበትም።

መጻሕፍቱን በአካል ወይም በነጻ የት አገኛለሁ?

አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ 6 ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት። ተቋሙ በ1963 የተመሠረተ ነው፤ የውጭ ቋንቋ መጻሕፍቱም የታሪክ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎችም እዚያ አሉ። መታወቂያና ከተቋምዎ የትብብር ደብዳቤ ይያዙ። በቦንጋ፣ በሚዛን ወይም በተርጫ በጥቂት ኮፒ ታትመው ከገበያ የጠፉ የአማርኛ መጻሕፍት ከሆኑ ደግሞ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ይሻላል፤ በአገር ውስጥ የሚታተም ሁሉ ኮፒው እዚያ እንዲገባ ሕግ ስለሚያዝ። የዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያዎች የሚያሳትሟቸውን ግን መምሪያው ድረስ ሄደው መጠየቅ ነው።

በኢንተርኔት የማሳያና የቼኪ ጥራዞች ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነጻ ይገኛሉ። ጄስቶር የተባለው የመጽሔቶች ማከማቻ በነጻ በሚከፈት አካውንት በወር እስከ 100 መጣጥፍ በስክሪን ያስነብባል፤ የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት እዚያ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻም ክፍት ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ካሉ ወርልድካት በተባለው የቤተ መጻሕፍት የጋራ ማውጫ ላይ ርእሱን ፈልገው ለሰፈርዎ ቤተ መጻሕፍት ይስጡ፤ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ተውሰው ያመጡልዎታል። ሃበርላንድንና ላንገን ለመግዛት ከመጨነቅ ይህ መንገድ ይቀላል።

ጀርመንኛም ጣሊያንኛም አላውቅም። በማሽን ትርጉም ላንብበው?

ይቻላል፤ ስሞቹን ግን ለማሽን አይተዉ። አንድ ሙሉ ምዕራፍ አያስገቡ፤ አንቀጽ በአንቀጽ ያስተርጉሙ፣ የሰውና የቦታ ስሞችን አስቀድመው ከዋናው ገጽ ላይ በእጅዎ ይገልብጡ። ማሽኑ በጣሊያንኛ ካፋ የሚለውን አገር «ቡና» ሊያደርገው ይችላል።

የንባብ ደንቡ ይህን ይመስላል፦ በጀርመንኛ ‹ጄ› «የ» ናት። በጣሊያንኛ ‹ሲ› ከ‹ኢ› ወይም ከ‹አይ› በፊት ስትመጣ «ቸ» ትሆናለች፤ ‹ኤስ› ከቀደመቻት «ሸ»፣ ለዚህ ነው ሸዋ በ‹ኤስ ሲ› የሚጻፈው። ‹ጂ› ከእነዚሁ አናባቢዎች በፊት «ጀ» ናት፤ ‹ኤች› ከገባችባት ግን «ገ» ትሆናለች፣ ጌራን እንዲህ ነው የሚጽፉት። በፈረንሳይኛ ጅማ ‹ዲ›ን ያስቀድማል። ይህን አንድ ካርድ ላይ ጽፈው መጽሐፉ ውስጥ ያስቀምጡት።

በጎሳችን ላይ መጽሐፍ ስለሌለ ከሽማግሌዎች ሰምቼ ልጽፍ አስቤአለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

በራሳቸው ቋንቋ ይቅረጿቸው፤ በአማርኛ ይናገሩ ካሏቸው የሹመቱ፣ የደኑና የሥርዓቱ ቃላት ይጠፋሉ። ከመጀመርዎ በፊት ምን እንደሚያደርጉበት ነግረው ፈቃዳቸውን ድምፁ ላይ ያስቀምጡ። ዓመት አይጠይቁ፤ «ጣሊያን ሲገባ ስንት ልጅ ነበራቸው?» ብለው ከታወቀ ክስተት ጋር ያያይዙት። ሰሙትንና አዩትን ለይተው እንዲነግሩዎ «ይህን ማን ነገረዎት?» የሚለውን ደጋግመው ያንሱ። አንዱን ታሪክ ቢያንስ ከ3 ሰው ይስሙ፣ ከሦስቱም አንዱ ከሌላ ጎሳ ይሁን።

የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል፤ ስለዚህ 40 ሰዓት ቀርጾ ከማስቀመጥ 8 ሰዓት ቀርጾ መጨረስ ይበልጣል። ድምፁን በዚያው ቀን ሁለት ቦታ ይገልብጡ፤ አንዱ ከስልክዎ ውጭ ይሁን። የፋይሉ ስም ቀኑን፣ ቀበሌውንና የተናጋሪውን ስም ይያዝ። ሲያልቅም አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንድ ቅጂ ለወመዘክር ወይም ለቅርብዎ ዩኒቨርሲቲ፣ ለቦንጋ ወይም ለሚዛን ቴፒ፣ ያስረክቡ።